የካፖርቴ ጭስ

ካፖርቴ ከኋላው፣ ከታች ጫፉ ላይ፣ የመዳፍ ስፋት የሚያህል ጨርቅ ጎድሎታል። ደባርቅ ላይ ደግሞ ያለ ካፖርት አይወጣም፤ ነፋሱ ከተራራው ሲወርድ ሰው አይመርጥም። ስለዚህ ዘወትር እለብሰዋለሁ፣ ተማሪዎቼም ዘወትር ያዩታል። አንድ አዲስ የመጣ መምህር «ፕሮፌሰር፣ አይጥ ነው እንዴ የበላብዎት?» ብሎ ጠይቆኛል። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ አልፈርድበትም። የአገሩ ልጆች ግን አይጠይቁም። አንዴ ያዩትና ዓይናቸውን ወደ ሰሌዳው ይመልሳሉ። በመቀስ የተቆረጠ መሆኑን ያውቃሉ፤ ለምን እንደሚቆረጥም ያውቃሉ። ልብስ ሰፊው «ላስተካክልልዎት» ብሎኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። እንዲያዩት ነው የምለብሰው።

የማስተምረው ሥራ ፈጠራ ነው። አሁን ይህን ቃል የማያውቅ ሹም የለም፤ እኔ ስጀምር ግን የሚስቁብኝ ብዙ ነበሩ። አዲስ አበባ በማስተምርበት ጊዜ፣ ገና ፀጉሬ ጥቁር ሳለ፣ «ተማሪ መቀጠርን ብቻ ሳይሆን ሥራ መፍጠርንም ይማር» ብዬ ስብሰባ ላይ ተነሣሁ። አንድ አንጋፋ የትምህርት ክፍል ኃላፊ «ሽንኩርት ለመቸርቸር ዲግሪ ያስፈልጋል እንዴ?» ብሎ አዳራሹን አሳቀው። እኔ በተፈጥሮዬ ቁጡ ነኝ። ጠረጴዛ መትቼ ወጣሁ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ግን ተመልሼ መጣሁ። በዚህ ሁኔታ ስንገፋተር ዓመታት አለፉ። የመማሪያ መጽሐፉን ራሴ ጻፍኩት፤ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እየዞርኩ መምህራን አሠለጠንኩ፤ ያኮረፉኝን ለመንኩ፣ የለመንኳቸውን ተጣላሁ። በመጨረሻ ትምህርቱ ለሁሉም ግዴታ ሆነ። ሐኪም የሚሆነውም፣ ድንጋይ የሚያጠናውም ሳይወስደው አይመረቅም።

ድሉ የአንተ ነው አሉኝ፣ እኔም ተቀበልኩ። ብዙም ሳይቆይ በየምረቃው መድረክ ላይ ሹማምንቱ «ሥራ ፈጣሪ እንጂ ሥራ ጠባቂ አትሁኑ» ማለት ለመዱ። ለተመራቂ የሚሰጡት ሥራ ሲያጡ የኔን ቃል ሰጡት። ልጆቹ ያጨበጭባሉ፣ እናቶች እልል ይላሉ፣ እኔ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ጥርሴን እነክሳለሁ። ምሳ ላይ ያው ሹም ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ፕሮፌሰር፣ ይሄ ሁሉ የእርስዎ ፍሬ ነው» ይለኛል። ምን ይባላል? አመሰግናለሁ ብዬ እጎርሳለሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ሁሉ የደከምኩት ለአገር ኢኮኖሚ ብዬ አልነበረም። በመጽሐፌ መግቢያ ላይ እንደዚያ ብያለሁ፤ መግቢያ ላይ የሚጻፈው ያ ነው። አባቴ ዳባት ዳር ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ምክንያቴ እሱ ነው።

ማረሻ፣ ማጭድ፣ ምሳር ይሠራ ነበር። ያ ሁሉ የገብስ ማሳ የሚታረሰው ከእሱ እጅ በወጣ ብረት ነው። ገበሬው የደነዘ ማረሻውን ይዞ ይመጣል፣ አባቴ ቀጥቅጦ አሹሎ ይመልስለታል፣ ገበሬውም «እጅህ ይባረክ» ማለት አይረሳም። ቢጠማው ግን ከቤታችን ውሃ አይጠጣም። አባቴ እነሱ ደጅ ሲደርስ ጠላ የሚቀዳለት በተለየ ቅል ነው፤ ቅሉ ከቤቱ ዕቃ ጋር አይቀመጥም፣ አጥር ላይ ተሰቅሎ ይውላል። ሕፃን ያዘለች እናት አባቴን ስታይ የልጇን ፊት በነጠላዋ ትሸፍናለች። ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ነው ይባላላ፤ ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላላ። ሰው ታሞ መለፍለፍ ሲጀምር፣ ከተጠረጠረው ባለእጅ ልብስ ላይ በስውር ጫፉን ቆርጠው ይወስዱና ፍም ላይ ጥለው በጭሱ በሽተኛውን ያጥኑታል። የአባቴ ኩታ ጫፉ ደህና ሆኖ የቆየበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ከገበያ ሲመለስ እናቴ መጀመሪያ የምታየው ፊቱን ሳይሆን የኩታውን ጫፍ ነበር። አይታ መርፌዋን ታነሣለች።

አድጌ፣ ጎንደር ተማሪ ቤት ገብቼ፣ ለዕረፍት የመጣሁ ጊዜ «ለምን ዝም ትላቸዋለህ?» አልኩት።

«ምን ልበል ልጄ?» አለኝ። «ልጅ ታሞባቸው እኮ ነው። ቢጠይቁኝ ራሴ ቆርጬ እሰጣቸው ነበር።»

ያን ቀን በአባቴ ላይ የተናደድኩትን ያህል በማንም ላይ ተናድጄ አላውቅም። እሱ ከሞተ በኋላም ንዴቱ አልወጣልኝም። እኔ እንግዲህ ከዚያ ቤት ወጥቼ ነው ንግድ ሥራ የተማርኩት፣ ከዚያ ቤት ወጥቼ ነው በእጅ የሚሠራ ሰው ይከበር እያልኩ በየአዳራሹ የጮኽኩት። አዲስ አበባ ላይ አጥንቴን የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልተናገርኩም፣ ሁሉም ጩኸቴን የትምህርት ፍቅር አድርጎ ወሰደው።

ደባርቅ ላይ አንድ ኮሌጅ ሲከፈት ማንም ሳያዘኝ ጠይቄ መጣሁ። ጓደኞቼ አበደ አሉ። ባለቤቴ የሩቅ አገር ሰው ናት፤ ልጆቻችንን ይዛ አዲስ አበባ ቀረች። «እነዚያን ሰዎች አሁን ምን ልታደርጋቸው ነው?» አለችኝ ልብሴን ሻንጣ ውስጥ እያጣጠፈችልኝ። የፈለግሁት ቀላል ነገር ነበር። ከእነዚያ ገበሬዎች ልጆች አንዱ፣ አንዱ ብቻ፣ ብረት በገዛ እጁ ሠርቶ እንዲኮራበት፤ ከኔም ጋር፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ እያወቀ፣ ከአንድ ትሪ እንዲበላ። ይህን ካየሁ ሌላው ማዕረግ ሁሉ ቢቀርብኝ አይቆጨኝም ብዬ ነው የመጣሁት።

ማን እንደሆንኩ ለማወቅ ሳምንት አልፈጀባቸውም። የዳባት ሽማግሌዎች አባቴን አልረሱትም። ማንም ግን አንድም ቀን በቃል አንሥቶብኝ አያውቅም፤ የኛ አገር ሰው ጨዋ ነው። ምግብ ቤት ስገባ ይነሡልኛል። «ኑ እንብላ» ከማለት ይልቅ ግን «እርስዎማ እዚያ ይመችዎታል» ብለው መስኮቱ ጋ ያለውን ጠረጴዛ ያሳዩኛል። መጀመሪያ ጊዜ ለማዕረጌ መስሎኝ ነበር። እዚያ መስኮት ጋ ብቻዬን ስንት ምሳ እንደበላሁ እግዜር ይወቀው።

ተማሪዎቼን፣ መሥራት የምትፈልጉትን ነገር አስባችሁ ኑ አልኳቸው። ካፌ ይዘው መጡ። ባጃጅ ይዘው መጡ። ከቻይና ዕቃ ማስመጣት፣ ቱሪስት ማስጎብኘት፣ እንደገና ካፌ። ሸክላ ልሥራ፣ ልሸምን፣ ቆዳ ላልፋ፣ ብረት ልቀጥቅጥ ያለ አንድም ሰው የለም። ፈተና ላይ ግን «ሥራ ክቡር ነው» ብሎ የማይጽፍ የለም፤ ደግሞ ሲጽፉት እጃቸው ያምራል።

ከኮሌጁ ጓሮ አንድ ባዶ መጋዘን ነበር። ደጅ ጠንቼ አስፈቀድኩና ወርክሾፕ አደረግሁት። የአባቴን መስፍ ከዳባት አስጭኜ አመጣሁ፤ እሱ ሲቀጠቅጥበት የኖረውን፣ መሐሉ ጎድጎድ ያለውን ብረት። ወናፍ አሠራሁ። ሊማሊሞን የሚወጡ የጭነት መኪኖች ባሌስትራ መስበራቸው አይቀርም፤ ስባሪውን ከጋራዦች ሰበሰብኩ፣ ለማረሻ ከእሱ የተሻለ ብረት የለም። ተማሪዎቹ መጡ፣ መዶሻ ይዘው ተራ በተራ ፎቶ ተነሡ፣ በየስልካቸው ለጠፉት፣ ሄዱ። በሳምንቱ ከወናፉ ጋር ብቻዬን ቀረሁ።

እሷ የመጣችው ያኔ ነው። ከዳባት ወጣ ካለ ቀበሌ የመጣች የገበሬ ልጅ ናት፣ ሊመረቁ ከተቃረቡት። ከጦርነቱ በኋላ ቱሪስት ብቅ ብቅ ማለት ጀምሮ ነበርና፣ ተራራ የሚወጡ ወጥ ቤቶች በየሰፈሩበት ድንጋይ ፍለጋ ሲንከራተቱ አይታለች። የሚታጠፍ የብረት ጉልቻ ቢኖር፣ በቅሎ ላይ የሚጫን፣ እየዘረጉ ድስት የሚጥዱበት። ሲሚንቶው ወለል ላይ በጠመኔ ሣለችልኝ።

«የሚሠራልሽ ሰው ልፈልግልሽ?» አልኳት።

«ምነው መምህር፣ እኔ እጅ የለኝም?» አለችኝ።

መዶሻ ከያዝኩ ዘመን አልፎ ነበር፤ ክንዴ ግን አልረሳም። የማውቀውን አሳየኋት። ጣቷን አቃጠለች፣ ምላሷ ላይ አድርጋ ሳቀችና ቀጠለች። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እሷ ቀጥቃጭ፣ እኔ ወናፍ ነፊ ሆንን፤ ጉልበቷ ከኔ ይሻላል፣ እኔም ወገቤን ያመኛል። ስትሠራ ማንን እንደምታዝዝ ትረሳለች። «መምህር፣ ወናፉን! እሳቱ ሞተብኝ!» ትለኛለች ዞር ሳትል። በዕድሜዬ ብዙ ጊዜ ታዝዣለሁ፤ ደስ ብሎኝ የታዘዝኩት ግን ያኔ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ምሳ ዕቃዋን ከፍታ መስፉ ላይ መሐላችን አስቀመጠችው። እንጀራና ሽሮ ነው። እጄን አልዘረጋሁም። «የማን ልጅ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«አውቃለሁ። አያቴ ያወሩ ነበር። የቤታችን ማረሻ የአባትዎ ሥራ ነው።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ይብሉ እንጂ፣ ሊቀዘቅዝ ነው።»

በላን። እንባዬ መጣ። ጭሱ ነው አልኳት። አዎ፣ ዛሬ ይበዛል አለችኝና ከሷ በኩል ያለውን ወደኔ ገፋችልኝ። ከዚያ ወዲያ ምሳችን አንድ ሆነ። ጉልቻዋም ወጣላት። የደባርቅ ወጥ ቤቶች ወሰዱት፤ ቀጥሎ ተራራው ውስጥ ካለው ከአምቢኮ ሳይቀር በቅሎ ነጂዎች እየመጡ ይጠይቁ ጀመር። እኔ በበኩሌ ክፍል ውስጥ ድምፄ ተለወጠ። ተማሪ መሳደብ ተውኩ። ለባለቤቴ ስደውል «ምን አግኝተህ ነው እንዲህ የምትስቀው?» እስክትለኝ ድረስ።

ክረምቱ ሲገባ ልጅቱ ታመመች። ታይፎይድ ነው ተባለ፤ ሐኪም ቤት መድኃኒቱን ሰጥቷት አባቷ ወደ ቤት ወሰዷት። እሑድ ብርቱካን ይዤ ልጠይቃት ሄድኩ። ዳባት ላይ ከመኪና ወርጄ ዝናብ እየደበደበኝ ጭቃውን ተያያዝኩት። አባቷ በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉኝ።

«ኧረ ጌታዬ፣ በዚህ ዝናብ! ምነው ቢቆዩ ኖሮ!» አሉኝ። «ይግቡ፣ ይግቡ። ካፖርትዎን ወዲህ ይበሉኝ፣ እጓዳ እሳት ዳር ልስቀልልዎት።»

በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ ጓዳ ይዘውት ገቡ። እኔ አልጋው አጠገብ ወንበር ተሰጠኝ። ልጅቱ ዓይኗ ተገልጧል ግን አታይም። ሴቶች ከበዋታል። አንዷ ጆሮዋ ድረስ ጎንበስ ብላ «ተናገሪ እስኪ፣ ማነው? ማነው በይ?» ትላታለች። እኔ ሰው መለየት ከቻለች ብለው የሚጠይቋት መሰለኝ። እንዴት አላወቅህም ይባል ይሆናል። እኛ ልብሳችን የሚቆረጥብን ሰዎች ነን፤ በሽተኛው ያለበት ቤት ተጠርተን አናውቅም። በሽተኛ ተይዞ የበላው ቡዳ ስሙን እስኪናገር በምን ቃል እንደሚጠየቅ ከየት ልማር?

«መምህር...» አለች። «ወናፉን... መምህር፣ እሳቱ...»

ትኩሳት ጥሏት እንኳ ሥራዋ ላይ ናት አልኩ በሆዴ። ያልተነካ ደስታ ነበር፤ ደስታዬም ፊቴ ላይ ወጣ፣ ፈገግ አልኩ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ። አንዷ ሴት ተነሥታ ምድጃው ላይ ያለውን ድስት ከደነች። ሌላዋ አጠገቧ የነበረውን ሕፃን ወደ ጉያዋ አስገባች። ቤቱ ዝም አለ። እኔ ሞኙ በሽተኛዋን እንዳላደክማት ብዬ ዝምታውን አክብሬ ተቀመጥኩ፣ ደግሞም ፈገግታዬ ከፊቴ ሳይጠፋ። ስነሣ አባቷ ካፖርቴን ሞቆ ደርቆ አምጥተው ራሳቸው ትከሻዬ ላይ ደረቡልኝ። «መንገዱን ቀና ያድርግልዎ» አሉኝ።

በማግሥቱ ክፍል ልገባ ከማንጠልጠያው ሳወርደው ነው ያየሁት። ቁርጡ ቀጥ ያለ ነው፣ በስለታም መቀስ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ መርፌ ይዛ ታየችኝ። የትምህርት ማስረጃዎቼ ግድግዳው ላይ በመስተዋት ውስጥ ተሰቅለዋል፣ ከፊቴ። ሁሉንም አውርጄ ልሰባብር ተነሥቼ ነበር፤ በመስተዋት ያሠሩልኝ ልጆቼ መሆናቸው ትዝ ብሎኝ ተውኩት። መጀመሪያ የመጣው ንዴት ነው። ሐዘኑ ቆይቶ ነው የመጣው፣ ከመጣ ወዲያ ደግሞ አልሄደም።

ልጅቱ ዳነች። ሐኪም ያዘዘላት መድኃኒት ነው ያዳናት፤ ከዚህ ሌላ ምን ሊያድናት ይችላል? አገር ግን ያወቀው ሌላ ነው። በመምህሩ ካፖርት ጭስ ዳነች ተባለ። ባትድን ኖሮ ሰዎቹ ተሳስተን ይሆናል ይሉ ነበር። ስለዳነች ተመሰከረብኝ። እኔ ደግሞ እንድትድን እየጸለይኩ ነበር።

ወርክሾፑ ጋ የመጣችው ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከስታ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ ነው። ደፉን አላለፈችም። እኔ የጀመረችውን ጉልቻ እየጨረስኩላት ነበር።

«ግቢ እንጂ» አልኳት።

«መምህር፣ እኔ በዚያ ነገር አላምንም» አለችኝ።

«አውቃለሁ ልጄ።»

«መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ወስጃለሁ።»

«ደግ አደረግሽ።»

ነጠላዋን በጣቶቿ ስታፍተለትል ቆየች። «ግን የቀለለኝ ያጠኑኝ ለታ ነው» አለች።

መዶሻውን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት። እናቷ ያን ቢሉኝ፣ አባቷ ቢሉኝ፣ የዳባት ገበያ ተሰብስቦ ቢለኝ መልስ ነበረኝ፤ ለእነሱ የሚሆን መልስ ሳዘጋጅ ነው የኖርኩት። ለእሷ ያዘጋጀሁት አልነበረኝም። ሽማግሌ ሊመጣላት እንደሆነ ነገረችኝ፤ ልጁ ጎንደር ባንክ ይሠራል። ብረት ስትቀጠቅጥ ነበር ከተባለ ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። እኔም ጨርሺው አላልኳትም። ምሳ ዕቃዋ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበር። አምጥቼ ሰጠኋት፣ ከእጄ ተቀበለችኝ፣ ሄደች።

ኮሌጁ በበኩሉ መጋዘኑን አሳመረው። ግድግዳው ነጭ ቀለም ተቀባ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ስላይድ ማሳያ መጣ፣ በሩ ላይ «የሥራ ፈጠራ ማዕከል» ተብሎ በትልቁ ተጻፈ። ሲመረቅ ሪባኑን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ መቀሱን በትሪ አቀረቡልኝ። ከሳምንት በኋላ ብገባ የአባቴን መስፍ የበር ማስደገፊያ አድርገውታል። ነፋሱ በሩን እያላጋ አስቸግሯቸው ኖሯል። በባጃጅ አስጭኜ ቤቴ ወሰድኩት።

እሷ ተመርቃ ደባርቅ ላይ ሱቅ ከፈተች። ጉልቻ ትሸጣለች፤ ከቻይና የመጣ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ልክ ራሷ እንደሠራችው የሚታጠፍ። ብረት መሸጥ ነውር የለበትም። ነውሩ መሥራቱ ላይ ነው። ኮሌጁ ፎቶዋን አስተልቆ በር ላይ ሰቀለ፣ የተሳካላት ሥራ ፈጣሪ ብሎ። በአንድ በዓል ላይ ጋብዘዋት መድረክ ወጣችና «ለዚህ ያበቁኝ መምህሬ ናቸው» አለች። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበልኝ፣ ጥቁር ካባም ደረቡልኝ። ካባው ጫፉ ሙሉ ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሏል፤ ለብሼው አላውቅም።

የሰርጉን ጥሪ ራሷ ነች ያመጣችልኝ። «እንዳይቀሩብኝ፣ መምህር። ካልመጡ አልደሰትም» አለችኝ። እውነቷን ነበር፣ ዓይኗ ላይ አየሁት። አልሄድም ስል ሰነበትኩ፣ በመጨረሻ ካፖርቴን ለበስኩና ሄድኩ። ምን ጠብቄ እንደሄድኩ አልደብቅም። ምሳ ዕቃዋን መስፉ ላይ ያስቀመጠችበትን ቀን ነው የጠበቅሁት።

ዳሱ የተጣለው እዚያው አባቷ ግቢ ነው። አባቷ እንደዚያ ጊዜው በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉኝ። «ይግቡ ጌታዬ፣ የእርስዎ ቦታ ከፊት ነው» ብለው ክንዴን ይዘው ካህናቱንና ሹማምንቱን አሳልፈው፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰች አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ጋ አስቀመጡኝ። ወንበሯ አንድ ናት። ከዚያ ማዶ ያለው ሰው ሁሉ፣ ቄሱም የወረዳው ሹምም፣ እየተጠጋጋ ትሪ ከቦ እጁን አንድ ላይ ይሰዳል። ለኔ ሰማያዊ አበባ ያለበት ሸክላ ሳህን መጣ፣ ከነሹካው፣ በጨርቅ ተሸፍኖ።

«ለእርስዎ ለብቻ ነው ያሰናዳነው» አሉኝ አባቷ። «ለስኳርዎ እንዲስማማዎ።»

ስኳር የለብኝም። ኖሮብኝም አያውቅም። ሳህኑ ላይ ያለው ዶሮ ወጥ ደግሞ ከሌላው ሰው ዶሮ ወጥ ጋር ከአንድ ድስት የወጣ ነው።

ቀና ስል ሙሽሪት ታየኛለች። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ሳህኑን አየች። ገባት፤ የዚያ ቤት ልጅ ናት፣ እንዴት አይገባት። ከወንበሯ ልትነሣ ያለች መሰለኝ። ተነሥታ አንድ ጉርሻ ብታጎርሰኝ ያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ከእኔ ዘንድ ያለፈው ሁሉ ተደምስሶ ነበር፤ ይህን በልቤ ለእግዜር ቃል ሰጥቼ ጠበቅሁ። ሙሽራው የሆነ ነገር በጆሮዋ አላት። ቬሏን አስተካከለችና ወደ እሱ ዞረች።

ሹካውን ወዲያ ትቼ በእጄ በላሁ፣ አንዲት ፍርፋሪ ሳላስተርፍ። ዕቃ የምትሰበስበው ሴት በየትሪው አለፈች፣ ጠረጴዛዬ ጋ ስትደርስ ወገቧን ሰበር አድርጋ እጅ ነሣችኝና ሳህኑን ሳትነካ አለፈችኝ። አጥር ላይ የሚሰቀለው የአባቴ ቅል ትዝ አለኝ። ሳህኑን በውሃ አለቀለቅሁት፣ በመሀረቤ ጠራረግሁት፣ ብብቴ ሥር ያዝኩትና ለመሰናበት ወደ አባቷ ሄድኩ።

«ይህን ሳህን ይዤው ልሂድ?» አልኳቸው።

የዳባት ባለ ሰርግ እንግዳው ባዶ ሳህን ልውሰድ ቢለው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጣል። ምን አጉድለንብዎት ነው፣ ምን አስቀየምንዎት ብሎ እግር ላይ ይወድቃል፤ ቢያንስ ባዶውን አያሰናብትም፣ ሞልቶ ይሰጣል። አባቷ ሳህኑን አዩት። ትከሻቸው ቀለል ሲላቸው አየሁ።

«ይውሰዱት ጌታዬ፣ ይውሰዱት» አሉኝ።

ለምን እንደምወስደው አልጠየቁኝም።